እሱ ይጠብቃል

ነገሩ የሆነው ካቻምና ነው፤ ፋሲካ አልፎ፣ የሰኔ ጾም ገና ሳይገባ። እስከዛሬ ድረስ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ቢነካኝ እጄ ሳላዘው ወደ አንገቴ ይሄዳል። አንድ ቀን ሥራ ቦታ አለቃዬ እንዲሁ ሊጠራኝ ቢነካኝ በጩኸት አካባቢውን አናወጥኩት፤ ሰውዬው እስካሁን ከሩቅ ሆኖ ነው የሚጠራኝ። የማልረሳው ግን መታነቄን ብቻ አይደለም። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰችው አንዲት ቃል መሆኗን ነው፤ ያውም እኔው በጣቴ የጻፍኳት።

ስሜ ሸዋዬ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሃውቶርን የሚባል ከተማ ነው፤ ሥራዬም እዚያው ነው፤ የአውሮፕላን ዕቃ በሚሠራ ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ብረት እለካለሁ። ባሌ ተፈራ ያን ጊዜ ሊሞ፣ የቅንጦት ኪራይ መኪና፣ ድራይቭ ያደርግ ነበር። ተፈራ አይጠጣም፣ ቁማር አያውቅም፤ ሱሱ ኢላማ መተኮስ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፓሳዴና ወዲያ ተራራው ሥር ወዳለ ሬንጅ፣ የተኩስ ሜዳ፣ ይሄድና ወረቀት ሲበሳ ይውላል። "ወረቀቱ ምን በደለህ?" እለው ነበር።

የሱ ጠመንጃ አሮጌ ስለሆነ ጥይቱ እንደልብ አይገኝም። ሶ የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ እየለቀመ ራሱ መሙላት ጀመረ። ግን እጆቹ ትልልቅ ናቸው፣ ትዕግሥት ደግሞ ጭራሽ አልፈጠረበትም። አንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ሲራገም ሰማሁትና "ወዲህ በል እስቲ!" ብዬ ከእጁ ነጠቅኩት። ከዚያ ወዲህ ጥይት የምሞላው እኔ ሆንኩ። ወሬው ሐበሻ የሚሰበሰብበት ፌርፋክስ ሰፈር ሲደርስ መሳቂያ አደረጉን። "የሌላው ሚስት ክትፎ ታጎርሳለች፣ የተፈራ ሚስት ጥይት ታጎርሳለች" ይሉት ነበር። እሱ ደግሞ ደስ ይለዋል፤ ጥርሱን ሳይከድን ነው ቤት የሚገባው።

የዚህ ሥራ ጣጣው አንገቱ ላይ ነው። ቀለሁ ጫፉ ላይ ጠበብ ይላል፤ አንገት የሚባለው እሱ ነው፣ አረሩን ጨብጦ የሚይዘው። ከላላ አረሩ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ከጠበቀ ደግሞ ባሩዱ ሲቀጣጠል አረሩን አልለቅም ይላል፤ ያ ሁሉ እሳት መውጫ ያጣና ወደኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። እንደ ጣት ቀለበት በሉት፤ ዕቃ ሲታጠብ የማይወልቅ፣ ሲፈለግ ግን ያለ ሳሙና የሚወጣ መሆን አለበት። እውነቱን ለመናገር እኔ ይህን ልክ ማግኘት እወድ ነበር። የምጠላው ጠመንጃውን ነው።

ያን ሰሞን ተፈራ ሬንጅ ላይ ካገኘው ሰውዬ አንድ ከረጢት ቀለህ ይዞ መጣ። ከሌላ ዓይነት ጥይት ተቆርጦ የተሠራ ነው። ጥቂቱን ሞልቼ ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ከደረደርኩት በኋላ ልቤ አልረጋ አለኝ። ብለካው አንገቱ ወፍሯል። ጠመንጃው ውስጥ ሲገባ የሚላቀቅበት ቦታ የለውም፣ አረሩን አንቆ ይቀራል። እፈታዋለሁ ብዬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ደህናው፣ የድሮው ጥይት ቢጫው ሳጥን ውስጥ ነው።

ይህን ለተፈራ አልነገርኩትም። ለምን ብትሉኝ ተኮራርፈን ነበር።

ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሴት ልጇን ክርስትና ታስነሳ ነበር። ተፈራ "ጠዋት ትንሽ ተኩሼ በድግሱ እደርሳለሁ" አለኝ። ትንሽ ተኩሼ! አርብ ራት ላይ ደሜ ፈላ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አጋጨሁትና "ያ ጠመንጃህ አንድ ቀን ፊትህ ላይ ይፈንዳ፣ እኔም ቆሜ እልል እላለሁ!" አልኩት። አፌ ይቆረጥ። ሲናደዱ የሚወጣ ነገር ነው እንጂ ማን ባሉ እንዲሞት ይመኛል?

ይህን ስል የተፈራ ታናሽ ወንድም ግርማ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ግርማ አሜሪካ ከመጣ ጀምሮ እኛ ሳሎን ነው የሚተኛው፤ ሚራክል ማይል በሚባል ሰፈር ፓርኪንግ ይሠራል። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገው ተፈራ ነው። ስለዚህ ተፈራን እንደ አባት ነው የሚያየው፤ እኔንም እታለም እያለ ነው የሚጠራኝ።  ያን ጊዜ የቲቪውን ድምፅ ጨመረ።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ወደ ቤተክርስቲያን፣ ወንድማማቾቹ ወደ ሬንጅ ሄድን። ልጅቷ ተጠመቀች፣ ማተብ ታሰረላት፣ ቆረበች። ከዚያ ሁላችን ፌርፋክስ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ገባን። ድግሱ እዚያ ነበር፤ እትዬ አስካለ ለኛ ብለው ቤቱን ለቀን ገበያ ዘግተውታል። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ኩሽና ገባሁና ክትፎ መክተፍ ጀመርኩ።

እጄ ሥጋ በሥጋ ሆኖ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የተፈራ ቴክስት ነው። "ሰማያዊውን ሳጥንም ይዤዋለሁ። እንዴት ነው?" ይላል።  ጣቴን በሽርጤ ጠረግኩና እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦ "እሱ ይጠብቃል። ቢጫውን ተኩስ።"

እኔና ተፈራ ሌላ ጊዜ እንዲህ አንባባልም። አንገቱ የጠበቀ ጥይት ሲገጥመን "ታይት ነው" ነው የምንለው። ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ቀላቅለን ነው የምናወራው፣ እዚህ አገር ያለ ሐበሻ ሁሉ እንደዚያው ነው። ሳኮርፍ ግን አማርኛዬ ይጠራል። ሆዴ፣ ቤቢ፣ ታይት፣ ኦኬ፣ ሁሉም ይቀርና እንደ ዜና አንባቢ እሆናለሁ። ተፈራ ራሱ "ጥርት ያለ አማርኛ ከጀመርሽ እፈራለሁ" ይለኛል። ያን ቀንም ታይት ማለት እንደ መታረቅ ሆኖ ታየኝ። ይጠብቃል ብዬ ጻፍኩ።

"ኦኬ" ብሎ መለሰልኝ። እኔም ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወደ ሥጋዬ ተመለስኩ።

እንግዳው መጣ፣ ሳሎኑ ሞላ፣ ከበሮው ተጀመረ። ተፈራ የለም። "መጣሁ አለ እንግዲህ፣ ይቅርበት!" እያልኩ በሆዴ እየረገምኩት እከትፋለሁ። እትዬ አስካለ አጠገቤ ቆመው በርበሬ እያሹ ነበር። "ተይው፣ ወንድ ሲርበው ይመጣል" አሉኝ።

የጓሮ በሩ ሲበረገድ ቀና አልኩ። ግርማ ነው። ለድግሱ ብሎ ጠዋት የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ከአንገት እስከ ቀበቶው በደም ተነክሯል። ፊቱ ላይም አለ፣ ጆሮው ላይም አለ። የተመታ መሰለኝ። "በሞትኩት! ግርምዬ ምን ሆንክ?" ብዬ ቢላዋዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

"የኔ ደም አይደለም" አለኝ።

ይህን ብሎ አንገቴን ያዘኝ። በሁለት እጁ ነው። እየገፋ ወስዶ ከፍሪጁ ጋር አላተመኝ፣ ጭንቅላቴ ሲጋጭ ጆሮዬ ውስጥ ደወል ተደወለ። ማተቤን ከነአንገቴ ጨብጦ ጠመዘዘው። ክሩ ሥጋዬን ሲቆርጠው ይሰማኛል። "ገደልሽው!" ይላል። "ገደልሽው! እልል በያ! እልል አትይም እንዴ አሁን?"

የሚገርማችሁ በዚያች ቅጽበት ሳሎን ያሉት ሴቶች ለሕፃኗ እልል አሉ። ግርማ ሲሰማው ጭራሽ አበደ። አንስቶ ምድጃው ላይ ወረወረኝ። የቁሌቱ ድስት ተገለበጠና የፈላው ዘይት እግሬ ላይ ወረደ። መጮህ አልቻልኩም፣ ትንፋሽ ከየት ይምጣ! እንደገና አንገቴን ይዞ ወደ ወለሉ ተጫነኝ። ዓይኑን አየሁት። ሰውን ለማስፈራራት የያዘ ሰው ዓይን አልነበረም። ሊገድለኝ ነው የመጣው።

ቢላዋው አሁንም እጄ ላይ ነበር። ጫፉ ጎኑን ነክቷል፣ የሸሚዙን ርጥበት በእጄ ላይ ይሰማኛል። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ልወጋው ነበር። የከለከለኝ ደግነት አይደለም። ዓይኔ ጨለመ፣ ጣቴ ላላ፣ ቢላዋው ወደቀ።

ማተቤ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ወዲያው እትዬ አስካለ የሙቀጫውን ዘነዘና አንስተው ጭንቅላቱን አሉት። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደገሙት። ግርማ ላዬ ላይ ተደፋ። ገፍትረው አነሱልኝ። ሳሎን ያሉት ሰዎች እየተጋፉ ገቡ፣ ከበሮው ቆመ፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች። አንዱ ናይን ዋን ዋን ሊደውል ስልኩን ሲያወጣ እትዬ አስካለ ዘነዘናውን ወደሱ አዞሩ።

"ደም የለበሰ ጥቁር ልጅ ተዘርሮ ፖሊስ ትጠራለህ? ልታስገድለው ነው? አስቀምጥ ያንን!" አሉት። አስቀመጠ።

ግርማ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱ እየደማ፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ተናገረ። ቢጫውን ሳጥን ጨርሰዋል። ከዚያ ተፈራ ሰማያዊውን ከፈተ። ላብ መነፅሩን ስላደበዘዘበት ግንባሩ ላይ ሰቅሎት ነበር። አጎረሰ፣ አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ። ግርማ የሰማው የተኩስ ድምፅ አልነበረም። ሌላ ድምፅ ነው። ጠመንጃው መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ፣ እንጨቱ ተበተነ፣ የብረት ስባሪ የተፈራን ፊት ቀደደው። "ዓይኑ… ዓይኑ ጉንጩ ላይ ነበር፣ እታለም" አለኝ። ረስቶት እታለም አለኝ።

"ሞቷል?" አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደግሜ፣ ደረቱን በቡጢ እየደበደብኩ፣ "ሞቷል ወይ?" አልኩት።

"ሰርጀሪ አስገቡት። ጠብቅ አሉኝ። ምኑን ልጠብቅ?"

በሕይወት አለ! በሕይወት እያለ ትቶት መጣ! በጥፊ አጮልኩት። እዚያው በተቀመጠበት ደገምኩት። አንገቴ እየነደደ፣ እግሬ እየነደደ፣ የመታሁት ግን ተፈራን ብቻውን ስለተወው ነው።

ግርማ ከኪሱ የተፈራን ስልክ አወጣና ወለሉ ላይ ወረወረው። "አንብቡት!" አለ። "ራሷ ናት የጻፈችው! ‘ሰማያዊውስ?’ አላት። ‘እሱ ይጠብቃል፣ ቢጫውን ተኩስ’ አለችው። ለኔ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ሰማያዊው ይቆያል አለች፣ መጀመሪያ ቢጫውን እንጨርስ አለኝ። ጨረስነው! ተራውን ጠብቆ ገደለው!"

"እንዳትተኩሰው ነው ያልኩት! ይጠብቃል አልኩት እኮ!" እላለሁ እኔ።

"አዎ፣ ይጠብቃል! ይቆያል!"

እኔ ላልቶ እላለሁ፣ እሱ ጠብቆ ይመልስልኛል። ጩኸት ላይ ማን ይሰማል? እትዬ አስካለ ስልኩን አነሱ። መነፅራቸውን ስላልያዙ ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አነበቡት። መጀመሪያ "ብ"ን ጠበቅ አድርገው፣ በር ላይ ቆሞ ሰው እንደሚጠብቅ። ከዚያ "ብ"ን ላላ አድርገው፣ ቋጠሮው ይጠብቃል እንደሚባለው።  

እስቲ አስቡት። ጥብቅ ማለት የሚሆነው ላልቶ ሲነበብ ነው። ይቆይ ማለት የሚሆነው ጠብቆ ሲነበብ ነው። ፊደሉ ግን ያው አንድ ነው። ለካ ባሌን ያቆሰልኩት በአንዲት "ብ" ነው።

ሰዉ "ኧረ እግዚኦ" ብሎ ሊተነፍስ ሲል ግርማ ቀና አለ። "ውሸቷን ነው። እኔ እነሱ ቤት ነው የምኖረው። ታይት ነው የሚሉት፣ ሁልጊዜ! ታይት ለማለት ፈልጋ ቢሆን ታይት ትለው ነበር። አርብ ዕለት ይፈንዳብህ ብላዋለች፣ እልል እላለሁ ብላዋለች፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!"

 ተኮራርፈን ስለነበር ነው አማርኛ የጻፍኩት ብል ማን ያምነኛል? ሁሉም ሰው እኔን እያየ ነው። የእህቴ ልጅ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እትዬ አስካለ፣ እኔን ከሞት ያወጡኝ ሴትዮ፣ ስልኩን ይዘው ቀና ብለው አዩኝ። የሚጠይቅ አስተያየት ነበር። ከዘይቱም ከክሩም ይልቅ ያ አስተያየት አቃጠለኝ።

"ሰው ዳኛ አይሆንም" አሉ በመጨረሻ። "ያነበበው ሰውዬ ይፍረድ። ተነሱ፣ መኪና ውስጥ ግቡ፣ ሁለታችሁም!" ነጠላቸውን አውልቀው አንገቴ ላይ ጠመጠሙልኝ። "ሸፍኚው፣ ሐኪም ካየው ጥያቄው አያልቅም።"

እሳቸው ድራይቭ እያደረጉ፣ እኔ ከፊት፣ ግርማ ከኋላ ጭንቅላቱ ላይ በረዶ ይዞ፣ ፓሳዴና ወዳለው ሆስፒታል ሄድን። ከኋላዬ ትንፋሹን እሰማለሁ። እጆቹ ከኔ አንገት አንድ ክንድ አይርቁም። አልዞርኩም። የማስበው ተፈራን ብቻ ነው። ከሞተ፣ እኔ እስክሞት ድረስ ገዳይ ነኝ። ከተረፈና እንደ ወንድሙ ካሰበ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። አሥራ ስምንት ዓመት አብሮኝ የተኛ ሰው ልትገድለኝ ነው ብሎ ቢያየኝ ምን ይዤ ቤት እገባለሁ?

ሆስፒታል ደርሰን ስንጠይቅ ነርሷ በፈገግታ ጠብቁ አለችን። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ይህችን ቃል ጠላኋት። ግርማ ከፊቴ ተቀምጧል፣ ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ደም የነካውን ሸሚዝ በእትዬ አስካለ ሹራብ ሸፍኖታል፤ የሴት ሹራብ ነው፣ አበባ አለበት። ሌላ ቀን ቢሆን ሳቄ ይገድለኝ ነበር።

ሐኪሙ ወጣ። ይድናል አለ። ቀኝ ዓይኑን ማዳን አልቻሉም። የግራ እጁ ሁለት ጣቶችም ሄደዋል። ይድናል የምትለዋን ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ ወረድኩ።

አመሻሽ ላይ አስገቡን። ተፈራ መሆኑን ያወቅሁት በእግሩ ነው፤ ፊቱ ሁሉ ነጭ ፋሻ ነው፣ አንዲት ዓይን ብቻ ቀርታለች። ያቺ ዓይን በሩ ላይ ነበረች። እኔን ስታይ ቆመች።  ግርማ ከጎኔ ቆሟል። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቀርተዋል።

ተፈራ ከንፈሩን አላቀቀ። ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

"ሸዋዬ… ላልቶ ነው አይደል?"

እንባዬ ተዘረገፈ። "ላልቶ ነው" አልኩት። "በእመቤቴ፣ ላልቶ ነው።"

"እኔ ጠብቆ አነበብኩት" አለ። ሊስቅ ሞክሮ አመመው። "አምቡላንስ ውስጥ ነው የገባኝ። አኩርፈሽኝ ነበራ። ታይት እንደማትይኝ ማወቅ ነበረብኝ።"

ግርማ ተንበርክኮ የአልጋውን እግር ያዘ። ድምፅ ሳያወጣ ነው ያለቀሰው። እኔ ባሌን ልስም ጎንበስ ስል ነጠላው ተንሸራተተ። ልመልሰው ስል የተፈራ ዓይን ቀድማኛለች።

"አንገትሽ ምን ሆነ?"

ግርማ ደረቀ። አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ወንድማማችነታቸው እዚያው አልጋ ላይ ያልቃል። ንዴቱ በውስጤ ነበር፣ አልጠፋም፤ እንዲያውም ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያን የተጠቀለለ ፊት አየሁ። ዛሬ የቀረው አንድ ዓይንና አንድ ወንድም ነው።

"ማተቤ ጠብቆብኝ ነው" አልኩት።

ተፈራ አንገቴን አየ። የክሩ ቁስል አለ፣ የአውራ ጣት ቅርጽ ጥቁር ብሎ አለ። ማተብ ግን የለም። እትዬ አስካለ ኩሽና ወለል ላይ ተበጥሶ ቀርቷል። ከዚያ ወደ ግርማ ዞረ፣ ጭንቅላቱ ላይ ያበጠውን አየ።  ዓይኑን ጨፈነ፣ እኔም እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ። እጄን ግን አልለቀቀኝም።

ቤት ከገባ በኋላ አንድ እሑድ፣ ሦስታችንም ሳሎን ተቀምጠን፣ ተፈራ ከኪሱ ጥቁር የሐር ክር አወጣ። ከቤተክርስቲያን አስመጥቶት ነው። ለኔ የሚሰጠኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ወደ ወንድሙ ዘረጋው።

"እሰርላት" አለው።

ግርማ ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ? እኔ እንዴት ብዬ?"

"እኔ ጣት የለኝም። አንተ እሰርላት።"

ያን ጊዜ ነው ሁሉን እንደሚያውቅ የገባኝ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጸጉሬን ወደ ላይ ሰብስቤ ያዝኩ። ግርማ ከኋላዬ መጣ። እጁ አንገቴን ሲነካኝ መላ አካላቴ እንደ እንጨት ደረቀ፣ የዘይቱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ተነስቼ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። ተፈራ ከፊቴ ሆኖ በዚያች በቀረችው ዓይኑ ይዞኝ ነበር።  ቋጠሮው ግርማን ሁለት ጊዜ አመለጠው። እንባው ማጅራቴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

"ይጠብቃል፣ እታለም?" አለኝ። ላልቶ።

ሁለት ጣቴን በክሩ ሥር አስገባሁ። "ትንሽ ላላ አድርገው" አልኩት። አላላው።

አሁን ግርማ የራሱን ክፍል ተከራይቶ ወጥቷል፤ እሑድ እሑድ ግን ምሳ እኛ ጋ ነው። ተፈራ መንዳት ትቶ እዚያው ሊሞ ቤት ስልክ ያነሳል። ጥይት መሙያውን ለሰው ሰጥቼዋለሁ፣ አንዳንዴ ይናፍቀኛል ብል ትስቁብኛላችሁ። በቴክስትም አማርኛ አልጽፍም፤ ሳኮርፍ እደውላለሁ እንጂ።

ግርማን ይቅር ብዬዋለሁ፣ ከልቤ ነው። ሰውነቴ ግን ገና ነው። እሱም ያውቃል። ኩሽና ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ "እታለም፣ እኔ ነኝ" ሳይል አይገባም። እኔ ሳልዞር "ግባ" እለዋለሁ። እጄ እንደልማዱ ወደ አንገቴ ይሄዳል፣ ማተቡን ይነካል፣ ሁለት ጣት ያስገባል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል።